በእንግሊዝኛ ማመካኘት

ድሮ ማመካኛችን በአማርኛ ነበር። «እንግዳ መጥቶብኝ ነው»፣ «ራሴን ፈልጦኝ ነው»፣ «ለቅሶ ደርሼ ነው»፣ «ልወጣ ስል ዝናቡ ያዘኝ»። ወላጆቻችን በእነዚህ ብቻ ተኳርፈው፣ ታርቀው፣ ልጅ ድረው ኖረዋል። ክፋቱ ሁሉም ምስክር ይፈልጋሉ። እንግዳ መጣብኝ ካልክ እንግዳውን ጎረቤት አይቶት መሆን አለበት። ለቅሶ ደረስኩ ካልክ ሟቹ ማን እንደሆነ ትጠየቃለህ፤ ስም ከጠራህ ደግሞ «እኔም እኮ እዚያው ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፤ የት ተቀምጠህ ነው ያላየሁህ?» የሚል አይጠፋም። ዝናቡንም ቢሆን «እኛ ሰፈር ጠብ አላለም» ይሉሃል።

ሞባይል ከመጣ ወዲህ ግን ምስክር የማያሻው ማመካኛ አገኘን፤ ከነስሙ በእንግሊዝኛ መጣልን። ኔትወርክ አልነበረም። ቻርጅ ዘግቶብኝ ነው። ሳይለንት ላይ ነበር። ማን ሄዶ ያጣራል?

የቋንቋ ተቆርቋሪዎች እነዚህን ቃላት ሲሰሙ ፊታቸው ይኮማተራል። በሌላው ነገር እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ወሬውን ሁሉ «ቤዚካሊ» ብሎ የሚጀምር ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። በስልኩ ጉዳይ ግን እንለያያለን። እኔ እንደሚመስለኝ የስልክ እንግሊዝኛን ያስገባብን የአማርኛ ማነስ ሳይሆን የይሉኝታ መብዛት ነው። «ስትደውል አይቼሃለሁ፤ ላነሳልህ ግን አልፈለግኩም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ አንድም እንከን የለበትም። ሲናገረው የሰማሁት ሰው ግን የለም። ተናግሮት የሚያውቅ ካለም ሽማግሌ ተልኮበት ይሆናል።

ማስረጃዬ የቤት ስልክ ነው። በምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ መስመር ሲዘረጋ ከውጭ የተዋስነው ስሙን ብቻ ነው፤ እሱም ከዓረብኛ ነው፣ ሽቦ ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ ከራሳችን አወጣንለት። ስልክ ይደወላል፣ ይመታል፣ ይነሳል፣ ይዘጋል፤ ነገር ሲከር ጆሮ ላይ ይዘጋል። መስመር ይያዛል፣ ይቆረጣል፣ ይጠለፋል። ምሰሶው እንኳ ሥራ አላጣም፤ ቀጭንና ረጅም ሰው መስደቢያ ሆኖ «የስልክ እንጨት» ተባለ። መቶ ዓመት ያህል በዚህ ስንነጋገር እንግሊዝኛ አንድም ቀን አላማረንም።

ለምን ቢባል የቤት ስልክ ማመካኛ አያስፈልገውም ነበር። ሳሎን ጥግ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ባለቤቱ ጠንቃቃ ከሆነ ልጆች እንዳይደውሉ ቁጥሩ ላይ ትንሽ ቁልፍ ይገባለታል። ጮኾ ጮኾ ካልተነሳ ቤት ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው፤ ያበቃል። በማግስቱ «ደውዬ አጣሁህ» ሲሉህ «ቤት አልነበርኩም» ትላለህ፣ ጠያቂውም በሰላም ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። ሞባይል ግን ኪስህ ውስጥ ነው፤ ኪስህ ደግሞ ከአንተ ጋር ነው። «ቤት አልነበርኩም» ያኔ ሞተ። ሙታን ደግሞ በሌላ መተካት አለባቸው።

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ቀድመው የያዙት ሰዎች ቁጥር በ0911 ይጀምራል፤ እስከ ዛሬ ቁጥራቸውን ሲያስመዘግቡ «ዜሮ ዘጠኝ አስራ አንድ» የምትለዋ ላይ ረገጥ፣ ቆም ይላሉ፤ የአያታቸውን የመሬት ካርታ የሚያሳዩ ነው የሚመስሉት። ሲም፣ ካርድ፣ ቻርጀርና ኔትወርክ ተከታትለው ገቡ። ዜና አንባቢዎች «ተንቀሳቃሽ ስልክ» አሉን። አከበርነው፤ ቤታችን ግን አላስገባነውም። «ተንቀሳቃሽ ስልኬን አይታችኋል?» ብሎ የሚጠይቅ አባት ቢኖር ልጆቹ «ወዴት ሄደ?» ማለታቸው አይቀርም። «አጭር የጽሑፍ መልእክት»ም ዕድሉ ያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ከመልእክቱ ይረዝማል።

ከሁሉ ቀድሞ የተዋሐደን ካርድ ይመስለኛል። ያኔ ካርድ የምር ካርድ ነበር። ከሱቅ ገዝተህ፣ በሳንቲም ወይም በጥፍርህ ፋቅ ፋቅ አድርገህ፣ የተፋቀችውን አንዷን አኃዝ ሦስት ትሁን ስምንት ከባለሱቁ ጋር ተከራክረህ ትሞላለህ። አሁን ከቴሌብር ሲሞላ የሚፋቅ ነገር የለም፤ እኛ ግን ዛሬም «ካርድ ሙላልኝ» ነው የምንለው። ምክንያቱ ይገባኛል። «ብር የለኝም» ስትል ድሃ ነህ። «ካርድ ጨርሼ ነው» ስትል ግን ሱቁ እስኪከፈት የምትጠብቅ ጨዋ ሰው ነህ።

ካርዱ እንዳያልቅ ደግሞ ሚስኮል መጣ። እንግሊዞች ሚስኮል ሲሉ በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ተደወለልህ፣ ሳታነሳው አመለጠህ። እኛ ሚስኮልን እናደርጋለን። አስበን፣ ቁጥር መርጠን፣ አንዴ አስጩኸን እንዘጋለን። አንዴ ከጮኸ ደርሻለሁ፤ ሁለቴ ከጮኸ ውረድ፤ ሦስቴ ከጮኸ ተናድጃለሁ። በስህተት ያነሳህ እንደሆነ ወዮልህ፦ «ምን ታነሳዋለህ! ካርዴን በላኸው እኮ!» በበኩሌ ሚስኮል እንዲህ የተራቀቀው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። የተቀረው ዓለም በአውራ ጣቱ ሲጻጻፍ እኛ ከሁለት ዓመት በላይ በጩኸት ብዛት ስንግባባ ቆየን። ጥበብ ከችግር ይወለዳል ይባል የለ።

በዚህ ሁሉ መሃል አማርኛ አንድ ድል አለው፤ ሳላነሳው ባልፍ ይቆጨኛል። ከዜሮ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ምልክቶች ኮከብና መሰላል አልናቸው። የቀኟን እንግሊዞች ሃሽ ይሏታል፣ አሜሪካኖች ፓውንድ ይሏታል፤ እርስ በርሳቸው እንኳ አልተስማሙም። እኛ ምኗን ነው የምትመስለው ብለን አየናት፣ መሰላል ናት፣ አለቀ። ሰማንያ ያለፋቸው አክስቴ ቀሪ ሒሳባቸውን ሲያዩ «ኮከብ፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ አራት፣ መሰላል» እያሉ ጮክ ብለው ይጫናሉ፤ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

አክስቴን ካነሳሁ ደግሞ፣ የስልክ እንግሊዝኛን እንደ እሳቸው አሳምሮ የሚናገር ሰው አላውቅም። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ የእንግሊዝኛ ክፍል ደጃፍ አልረገጡም። ስልካቸው ባትሪ የሚያበራ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። በመሐረብ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ያኖሩታል። ሳይለንት አድርገውት አያውቁም፤ እንዴት እንደሚደረግም አያውቁም። ቃሉን ግን ጠንቅቀው ያውቁታል።

አንድ ለቅሶ ቤት አብረን ተቀምጠናል። የሟች ወንድም ተነስቶ ስለ ሟች እየተናገረ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ድንገት ከአክስቴ ደረት ውስጥ እስክስታ ፈነዳ። የጎጃም ነው፤ ከነማሲንቆው፣ ከነጭብጨባው። ንግግሩ ተቋረጠ። አክስቴ ንቅንቅ አላሉም። ዘፈኑ ግጥሙን ጨርሶ አዝማቹን ጀመረ። ይኼኔ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ዞሩና ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚያንጎላጁ አንድ ሽማግሌ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ኧረ ሳይለንት አድርጉት እንጂ፣ ጋሼ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሽማግሌውን አየ። እሳቸው ደንግጠው ከእንቅልፋቸው ነቁና የኮታቸውን ኪስ፣ የሱሪያቸውን ኪስ፣ የሸሚዛቸውን ኪስ እየዳበሱ ይቅርታ ጠየቁ። ኋላ ስሰማ ሰውየው ጨርሶ ስልክ የላቸውም። ዘፈኑ ሲያበቃ አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው «ወይ ዘመን!» ብለው ተነፈሱ።

ከድንኳኑ ስንወጣ ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ልጃቸው ነች። «እማዬ፣ ቅድም ስደውል ለምን አታነሺም?»

«ሳይለንት ላይ ነበር ልጄ» አሏት።

ከማንሳት የሚብሰው ደግሞ መዝጋት ነው። በእኛ አገር ስልክ ለመዝጋት «በል እሺ» ማለት አይበቃም። ከ«በል እሺ» በኋላ ልጆቹ ይጠየቃሉ፤ ከልጆቹ በኋላ ጉልበት የሚያማቸው እናት ይጠየቃሉ፤ ምርቃት ይመጣል፣ ምርቃቱ ራሱ አሜን ይፈልጋል፣ ከአሜን በኋላ «እሱን ሳልነግርህ» የሚባል ምዕራፍ አለ። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ሄሎ ነው። ሄሎን የስልክ ሰላምታ እንዲሆን የደገፈው ቶማስ ኤዲሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1877 በጻፈው ደብዳቤ ይህ ቃል እንደሚበጅ ተናግሯል። ስልክን የፈለሰፈው ግራሃም ቤል በበኩሉ መርከበኞች የሚጠራሩበትን «አሆይ» ነበር የመረጠው። ሁለቱም የተከራከሩት ስለ መክፈቻ ነው። እኛ መዝጊያ እናደርገዋለን ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«ሄሎ?... ሄሎ?... ይሰማል?... እኔ ጋ እየተቆራረጠ ነው... ሄሎ?» ስልኩን ከአፍ ራቅ፣ መልሶ ቀረብ፣ እንደገና ራቅ። በመጨረሻው ሄሎ ላይ ቃሉን ከመሃሉ መቁረጥ ነው፤ «ሄ—» ብሎ መዝጋት። በዚህ ጥበብ የሚስተካከለው የሌለ አንድ ሹፌር ወዳጅ አለኝ። ቆሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ማኪያቶ እየጠጣ ሳለ እንኳ ጋዜጣ አጠገቡ ካለ ስልኩ አፍ ላይ ያንኮሻኩሸዋል፤ የኔትወርክ መበላሸት ድምፅ እንዲያ ነው ብሎ ያምናል። የተዘጋበት ሰውም መልሶ ሲደውል «ለምን ዘጋህብኝ?» አይልም። «ኔትወርኩ ቆረጠን» ነው የሚለው። ማንም በማንም ላይ አልዘጋም። በመካከላችን ያለ፣ ፊቱን አይተነው የማናውቀው ሦስተኛ ወገን ነው የዘጋብን። እስቲ የትኛው አማርኛ ነው ሰውን እንዲህ ከጠብ የሚያድን?

ይህ የአበሻ ጠባይ ነው የምትሉ ካላችሁ የፈረንጆቹን ታሪክ ተመልከቱልኝ። በእጅ በሚያዝ ሞባይል የመጀመሪያው ጥሪ የተደረገው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1973 ኒውዮርክ መንገድ ላይ ነው። የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር የደወለው ለሚስቱ ወይም ለእናቱ አይደለም፤ ለተቀናቃኙ ለቤል ላብስ ጆኤል ኤንግል ነው፤ ቀደምናችሁ ሊለው። ኩፐር ይህን ጥሪ ዕድሜውን ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። ኤንግል ግን፣ ኩፐር ራሱ እንደሚናገረው፣ «አላስታውሰውም» ነው የሚለው። ሞባይል ከማመካኛው ጋር መንታ ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። የጽሑፍ መልእክትም ከዚህ አልራቀም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 እንግሊዝ ውስጥ ኒል ፓፕዎርዝ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከኮምፒውተሩ ላይ ለቮዳፎኑ ሪቻርድ ጃርቪስ የገና መልካም ምኞት ላከለት። የዓለም የመጀመሪያው ቴክስት ይኸው ነው። በቴክስት መልስ አላገኘም። የጃርቪስ ስልክ መልእክት መቀበል እንጂ መላክ አይችልም ነበርና። በዚህ ሁሉ ታሪክ እውነተኛ ማመካኛ የነበረው ሰው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

እንዲህ እንግሊዝኛ ጠበቃ ሆኖልን ተመችቶን ስንኖር፣ አቃቤ ሕጉ ከዚያው ቋንቋ ተሹሞ መጣ። ኦንላይን። ሲን። ላስት ሲን። በባለ ቁልፍ ስልክ ዘመን «ቻርጅ ዘግቶብኝ ነው» ያለን ሰው የሚረታ ዳኛ አልነበረም። አሁን «ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ኦንላይን ነበርክ» ትባላለህ። የሚከስህም ፍቅረኛ ብቻ አይደለም፤ አለቃህም፣ ያበደረህም፣ የእድሩ ጸሐፊም ናቸው። የእኛ እድር ጸሐፊ የወር መዋጮ በቴሌግራም ግሩፕ ካስታወቁ በኋላ ማን እንዳየው ማን እንዳላየው ይለቅማሉ። በወር ስብሰባ ላይ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ አድርገው «ሲን አድርጋችሁ ዝም ያላችሁ አባላት ራሳችሁን ታውቃላችሁ» ሲሉ ግማሹ ቤት ጣሪያውን ያያል። ዝምታ ድሮ ክብር ነበረው። ዝም ያለ ሰው አስቦበት ይሆናል፣ አዝኖ ይሆናል፣ አልሰማ ይሆናል። አሁን ዝምታችን ሰዓትና ደቂቃ ተጽፎበት ነው የሚቀርብብን። መከላከያው ደግሞ ያው እንግሊዝኛ ነው፦ «ዳታ ሳላጠፋ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው»። ተኝቼ ኦንላይን ነበርኩ ማለት ነው፤ ይህንንም የሚቀበል ሰው አለ።

ብሎክ ግን ከሁሉም ይለያል። ዘመዶቻችን የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች በውርስ ቤት ተኳረፉና ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አንደኛው ቄስ ናቸው። ታናሽየው በደሉን ዘርዝሮ ዘርዝሮ ሲያበቃ «ይኼ ሁሉ አልበቃው ብሎ ብሎክ አደረገኝ» አለ።

ቄሱ ደነገጡ። «በብሎኬት መታህ?»

«ኧረ በስልክ ነው አባቴ!»

«በስልክ ብሎኬት እንዴት ይወረወራል?»

ወጣቶች ገብተው አስረዱ። እሱ ቢደውል አይጠራም፣ ቢጽፍ አይደርስም፣ ፎቶግራፉ አይታይም፤ ለእሱ ወንድሙ እንደሌለ ነው። ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ሰሙ፣ ጥቂት አሰቡ፣ ከዚያ ፊታቸው በራ። «ታዲያ ውግዘት ነው አትሉኝም?» አሉ። ወደ ታላቅየውም ዞረው «ለመሆኑ ወንድምህን የምታወግዝ አንተ ማን ነህ? በል አሁኑኑ እዚሁ ፍታው!» አሉት። ታላቅየው ስልኩን አወጣ፣ ነካካ፣ ላቡን ጠረገ። ማሰር ነው እንጂ መፍታት አያውቅበትም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ከጓሮ ተጠርቶ መጥቶ ፈታው። ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ። ቤቱ እስካሁን አልተሸጠም፤ የሚደዋወሉት ግን በየቀኑ ነው፤ ስለ ቤቱ ለመጨቃጨቅ።

በውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ የየሄዱበትን አገር ቃል ይዘዋል። ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ «ሴሌ ላይ ደውልልኝ» ይላል። እስራኤል ያሉት ፔሌፎን ይሉታል፤ የዕብራይስጥ ቃል ነው፣ ድንቅ ስልክ እንደማለት፤ መጀመሪያ የኩባንያ ስም ነበር፣ ኋላ የመሣሪያው ስም ሆኖ ቀረ። ሪያድ ያለችው ደግሞ በዓረብኛው ጀዋል ትለዋለች። በበዓል ቀን ሁሉም በኢሞ ሲሰባሰቡ አንዱ ዕቃ በአራት ስም ይጠራል። ማመካኛው ግን አንድ ነው። ወሬው ከዶሮ ወጥና ከድፎ ዳቦ ተነስቶ ለእማማ ቤት ጣሪያ መቀየሪያ ወደሚዋጣው ገንዘብ ሲደርስ፣ ኔትወርክ በዋሽንግተንም ይጠፋል።

መሥሪያ ቤቶችም ከግለሰብ አላነሱም፤ የራሳቸውን አወጡ። «ሲስተም የለም።» ለአንዲት ወረቀት የሄድኩበት አንድ ቢሮ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል ነበር እንዲህ ያለችኝ። መቼ ይመጣል ብላት «አይታወቅም» አለች። አጠገቤ የነበሩ እናት በአዘኔታ «ትናንትም ሥራ አልገባም ነበር፤ አሞት ይሆን?» አሉኝ። ልጅቱ ስልክ ላይ ግን ተከታታይ ድራማ ያለ አንዳች መቆራረጥ ይፈሳል። ወረፋ ላይ የነበርን ሰዎች ሁሉ አየነው፤ ሁላችንም ይሉኝታ ያዘን።

አሁን የሚያሰጋኝ እነዚህ ማመካኛዎች አንድ በአንድ እየሞቱ መሆናቸው ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲመጣ «ካርድ የለኝም» ወደቀ፤ ሌሊቱን ሙሉ ካርድ ይሞላል። ፓወር ባንክ «ቻርጅ ዘግቶብኝ»ን አዳከመው፤ ካፌ ገብተህ እንዲያ ብትል ከሦስት ጠረጴዛ ገመድ ይዘረጋልሃል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛ ኩባንያ በ07 ቁጥር ገበያው ውስጥ ገባና ሰው ሁሉ ባለ ሁለት ሲም ሆነ። «ኔትወርክ አልነበረም» ስትል «በየትኛው?» ተብለህ ትጠየቃለህ። የቀረን ሳይለንት ነው። እሱንም እጅ ላይ የሚታሰረው ስማርት ሰዓት እያሳደደው ነው፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ዝም ቢል ክንድህ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ያውም እያዩህ።

ስለዚህ ኔትወርክ ለምትዘረጉ መሐንዲሶቻችን አንድ ልመና አለኝ። ከተማውን ሸፍኑት፤ ገጠሩንም አድርሱት፤ ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን አገናኙት፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አባይ በረሃን ግን ለእኛ ተዉልን። አደጋ ለደረሰበት ሰው የሚሆን ነገር ካደረጋችሁ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አታሳምሩት። «አባይ በረሃ እየወረድኩ ነው፣ ሊቆረጥ ነው» የሚለው ከፒያሳ ሆኖ ሲነገር እንኳ እስካሁን የሚታመን ብቸኛው ቃል ነው። እኔም ይህን ወግ የጨረስኩት እዚያው እየወረድኩ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ዘገየ ብሎ ከሰኞ ጀምሮ ሲደውልልኝ የሰነበተው አዘጋጅ ይህን አንብቦ ይረዳኛል።